ሶፋው ደረጃው ላይ የተቀረቀረ ጊዜ

የልጄ ልጅ ጎማ ሲፈታ እጆቹን ማየት እወዳለሁ። መጀመሪያ ጎማውን መሬት ላይ ያጋድመውና ዙሪያውን በመዶሻ ይወቅጠዋል፤ ላየው ሰው የቆየ ቂሙን የሚወጣ ይመስላል። ከዚያ ረጅሙን ብረት በጎማውና በቸርኬው መሃል ይሰካና ሙሉ ክብደቱን ይጭንበታል። ብረቱ ድንገት ቢያፈተልክ መንጋጋ ያወልቃል፤ የሥራ ባልደረባው እንደዚያ ሆኖ ጥርሶቹን ለቅሟል። የእሱ ብረት አምልጦት አያውቅም። ነገር ግን የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ደንበኞቹ ጎማ የነከሰው ይመስላቸዋል። ጎማ አይደለም፤ በር ነው።

ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። ችሎት ቆሞ አያውቅም። የሚፈርደው በፊልም ላይ ነው፣ ያውም በአስቂኝ ፊልም ላይ ብቻ። አዲስ ኮሜዲ ወጣ ሲባል ሳያይ አያድርም፤ በማግስቱ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሁሉ ፍርዱን ሰምቶ ይሄዳል። እኔም አብሬው አያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ የውጭ ፊልም ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበበልኝ ሳቁ ሲያመልጠው አይቼ ስላሳዘነኝ።

አንድ ቀን የታክሲ ሹፌር ጎማው ተንፍሶበት መጣና ጀመረው።

«ዳኛው፣ አዲሱን አየኸው? ያን ሚስቱን በመጥበሻ የሚላትን?»

«አየሁት። አንድ ቀልድ ነበረው፤ እሱንም በመጥበሻ ገደሉት።»

«ሰው እኮ በሳቅ ፈረሰ!»

«ሳቁን ማን ጀመረው? ያ በየጥፊው ‹ቷ› የሚለው ድምፅ ነው። ድምፁን አጥፍተህ እየው። አንድ ሰውዬ አንዲት ሴት ሲደበድብ ብቻ ነው የምታየው።»

«አንተ ደግሞ ቀልድ አይገባህም።»

«እንዴት አይገባኝም! ና እስቲ ጠጋ በል፤ ይህን ብረት አናትህ ላይ ላሳርፍልህና ሰፈሩ ይሳቅ።»

ሹፌሩ እየሳቀ ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የዳኛው ነገር እንደዚህ ነው። የዘንድሮ ኮሜዲዎች ሁሉ አንድ ሆነውበታል። ሚስት ትጮሃለች፣ ባል በጥፊ ያጮላታል፣ ዘበኛ ከደረጃ ይንከባለላል፣ ሠራተኛዋ በአነጋገሯ ይሳቅባታል። «የተመታ ሰው በማግስቱ ፊቱ የት ይሄዳል?» ይላል። «አንድ እንኳ ያበጠ ጉንጭ አሳይተውን ያውቃሉ?» ይህ ልጅ ጥፊ ለምን እንደማያስቀው እኔ አውቃለሁ። አባቱ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር። ልጄ ከዚያ ቤት ስትወጣ ሕፃኑን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው የተቀደደ ጆሮዋን ይዛ ነው።

ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤታችን ፊልም ቤት አለው፤ ለሰፈሩ ሁሉ ፊልም በፍላሽ ይጭናል። ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» ሳይለኝ አያልፍም። ለዳኛው ደግሞ ከወንድም በላይ ነበር። ስለ ፊልም የሚያወራውን ሁሉ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» እያለ ያዳምጠዋል። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የሰውን ፀጉር ወደ ላይ እያነሳች ፊት ታወጣለች፤ የራሷን ግን ጉንጯ ላይ ለቃው ነው የምትሄደው። አንድ ጊዜ ፀጉሬን ስትሠራኝ ክንዷ ላይ የጠቆረ ነገር አየሁ። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ብላት «መደርደሪያ ነው እማማ፣ ወደቀብኝ» አለችኝ።

እሑድ ከሰዓት ፊልም ቤቱ ዝግ ነው። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ኮሜዲ ይከፈታል፤ ድምፁ የእኛን ብርጭቆዎች መደርደሪያ ላይ ያንቀጠቅጣቸዋል። ሁልጊዜ ያው የመጥበሻው ፊልም ነው። ጥፊ፣ ጩኸት፣ ሳቅ፤ ደግሞ ጥፊ። ዳኛው ይበሳጫል። «ይህን የሚያህል አዋቂ ሰው ይህን ቆሻሻ ያያል?» ይለኛል።

በመጨረሻ ፊልም ቤቱ ድረስ ሄዶ ነገረው። እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

«ወንድሜ፣ ምን ነካህ? እሑድ እሑድ ያን የመጥበሻ ፊልም ነው የምታየው?»

«ምን ላድርግ፣ ሚስቴ ትወደዋለች» አለና ፈገግ አለ።

«የሶፋዋን ክፈትላት። ከዘንድሮዎቹ ፊልም የምትባል እሷ ብቻ ነች። አንድም ሰው አይመታባትም።»

«የሶፋዋን? እንዴ፣ አውቃታለሁ! አሪፍ ናት። ለአንተ ስል የፊታችን እሑድ እሷን ነው የምከፍተው።»

የሶፋዋ ፊልም ይህች ናት። ባልና ሚስት ከደረጃቸው የሚሰፋ ሶፋ ይገዛሉ። ባል፣ አማት፣ ሶፋ፣ ሁሉም ደረጃው መሃል ላይ ይቀረቀራሉ። ሁሉም ሁሉንም ይሳደባል። ሲንጫጩ ከላይ በር ይከፈትና አንዲት እናት ብቅ ብላ ጣቷን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ሕፃኗ ገና መተኛቱ ነው። ከዚያ ዝም። ሶፋው የአማትየውን እግር ተጭኖታል፣ ላብ ባልየው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዝምታው ይረዝማል፣ ይረዝማል። በመጨረሻ የአማትየው ሆድ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ነው ሰው የሚፈርሰው። «ቀልዱ ሆዱ አይደለም» ይላል ዳኛው፤ «ዝምታው ነው። የዛሬ ፊልም ሠሪዎች ዝምታ ይፈራሉ።»

እሑድ ደረሰና ከግድግዳው ወዲያ የሶፋዋ ፊልም ተከፈተ። ዳኛው እንደ ልጅ ደስ አለው። «ሰምቶኛል እማማ!» አለ። ምስሉ ስለማይታየን ንግግሩን ከተዋናዮቹ ቀድሞ ይነግረኝ ጀመር። ሶፋው ተቀረቀረ፣ ስድቡ ቀለጠ።

«አሁን» አለኝ ጣቱን ቀስሮ፤ «አሁን ዝም ይላሉ።»

ዝም አሉ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ግድግዳችን ዷ አለ። ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። እንደገና ዷ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ታፍኖ፣ «ገደልከኝ... በማርያም... ገደልከኝ» አለ። ግድግዳው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታ ድምፁ ተቋረጠ።

ዳኛው ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ፣ እዚህ ቦታ ላይ የሚናገር ሰው የለም» አለኝ።

ወዲያ ማዶ የአማትየው ሆድ ጮኸ፤ ሳቁ ፈነዳ፤ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው።

ዳኛው በሩ ጥግ ያለውን የጎማ ብረት አንስቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። የብረት በራቸው ከውስጥ ተቆልፏል። በጡጫ ደበደበው።

«ወንድሜ፣ ክፈት!»

«ፊልም እያየን ነው! በኋላ ና!»

«የቱ ጋ ደረሰ?»

«ምኑ?»

«ፊልሙ ነዋ! ሶፋው ወጣ?»

«የምን ሶፋ?» አለ።

እዚያች ላይ ነው የተያዘው። «አውቃታለሁ» ያለው ውሸቱን ነው፤ ፊልሙን አይቶት አያውቅም። የሚፈልገው ድምፁን ብቻ ነበር፤ መሃሉ ላይ ዝምታ እንዳለበት አላወቀም።

ዳኛው ብረቱን በበሩና በመቃኑ መሃል ሰካ። ግቢያችን ውስጥ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ተው አንተ ልጅ! ባልና ሚስት ናቸው!» አለው። ዳኛው ሙሉ ክብደቱን ብረቱ ላይ ጫነ። ቁልፉ ተሰበረ፤ በሩ ገርበብ ሲል ግራ እጁን አስገባ። ሰውዬው ከውስጥ በትከሻው በሩን ገጨው። የጣቶቹ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የጮኸው። እጁን ቢያወጣ በሩ ይዘጋል። አላወጣም። እየጮኸ፣ የገዛ ጣቶቹን እያስጨፈለቀ፣ በትከሻው ገፋው።

በሩ ሲበረገድ ግድግዳው ላይ ደም ነበር፤ ደሙ ላይ የተለጠፈ ፀጉር። እሷ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፤ መንጋጋዋ ከቦታው ወጥቷል። ሰውዬው ጡጫው ላይ በጠቀለለው ፀጉሯ እስከ በሩ ጎትቷታል፤ ገና አልለቀቀውም። ከኋላቸው ቴሌቪዥኑ ይስቃል። ሰውዬው በሌላው እጁ ጠርሙስ አንስቶ ዳኛው ግንባር ላይ ሰበረው። ደም ዓይኖቹን ሸፈናቸው። ቀኝ እጁ ከነብረቱ ወደ ላይ ተነሣ።

ያን አነሳስ አውቀዋለሁ። የአባቱ ነው። «ልጄ!» አልኩ።

ብረቱ ወረደ። ያረፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። መስታወቱ ረገፈ፣ ሳቁ ተቆረጠ። ያኔ የሴትዮዋን ማቃሰት ግቢው በሙሉ ሰማ፤ ፊልም ነው የሚል ሰው አልተገኘም። መጀመሪያ የደረሰው ያ «ተው» ያለው ጡረተኛ ነው። ሰውዬውን አንገቱን ይዞ መሬት ላይ ደፋውና ፖሊስ እስኪመጣ ሌሎቹ ጀርባው ላይ ተቀመጡ። እኔ የእሷን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ደሙን በነጠላዬ ያዝኩት።

መንጋጋዋን በሽቦ አሰሩላት። ራሷ ውስጥ ደም ፈስሶ ስለነበር ሆስፒታል ብዙ ተኛች። ሰውዬው ታስሯል። እሷ ተመልሳ ፀጉር ትሠራለች፤ የራሷንም አሁን ወደ ኋላ ነው የምታሲዘው፤ ጠባሳው ይታያል፤ ይታይ ትላለች። እሑድ ከሰዓት እኛ ጋ መጥታ ትቀመጣለች። የሶፋዋን ፊልም ግን መስማት አትችልም። ዳኛው ያን ያህል የሚወዳትን ፊልም ከፍላሹ አጠፋት።

አሁን አዲስ ኮሜዲ ሲመጣ መጀመሪያ ብቻውን ያየዋል። ጥፊ ካለበት ለእሷ አይከፍተውም። ባለፈው መጨረሻውን ሳያይ የከፈተው አንዱ ላይ፣ ሠርግ መሃል ሙሽራው በጥፊ ተመታ። እሷ የያዘችው ኩባያ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ዳኛው በማይታጠፉት ጣቶቹ ማጥፊያውን ሲዳብስ፣

«ዳኛው» አለችው፣ «ዛሬስ ፍርድ አጓደልክ።»

«ይግባኝ በይ» አላት።

ፈገግ አለች፣ አፏን በእጇ ሸፍና። ከዚያች እሑድ ወዲህ አፏን ከፍታ ስትስቅ አላየሁም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቅርብ ከወጡት ውስጥ ማንም ማንንም የማይመታበት፣ ግን ሆድ ይዞ የሚያስቅ ፊልም ካያችሁ፣ ጎማችሁ ባይተነፍስም ወደ ጎሚስታው ብቅ በሉና ንገሩት። እስከ መጨረሻው አይታችሁት ግን ይሁን።