የሞተሩ እርጅና

ወንድሜ ይቅር ብሎኛል። ይህን የሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ይቅር ከሚለኝ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ነው የምለው። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። መዘዞ ላይ በሬዎቹን ሸጦ፣ የጎደለውን ተበድሮ፣ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ተከለ። በዚያ ወፍጮ ጎጆ ወጣ፣ ልጆች አሳደገ፣ እኔንም ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶልኝ አስተማረኝ። የተማርኩት የሒሳብ አያያዝ ነው። ተመርቄ እዚያው ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፋይናንስ ክፍል ስቀጠር፣ "በይ እንግዲህ የወፍጮውን መዝገብ አንቺ ያዢልኝ፤ በግምት የሚጥሉብኝ ግብር ጨረሰኝ" አለኝ።

ያዝኩለት። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ደረሰኞቹን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። ገቢውን እንደምራለን፤ ናፍጣውን፣ ጥገናውን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ እናወጣለን። በመጨረሻ "ለሞተሩ የእርጅና ቅናሽ" ብዬ ከትርፉ ላይ እቀንሳለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። "ሞተሩ ሲሠራ ያረጃል አይደል? የተገዛበትን ዋጋ ለሚያገለግልበት ዕድሜ እናካፍለውና የየዓመቱን ድርሻ እንደ ወጪ እንቆጥረዋለን። ግብሩም በዚያው ይቀልልሃል" አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ጎሽ! የተማረ ይግደለኝ" አለ።

ያ ቅናሽ እኮ ከማንም ኪስ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም፤ የትም አይቀመጥም። ገንዘቡ የወጣው ገና ሞተሩ ሲገዛ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምንጽፈው ከሞተሩ ምን ያህሉ እንዳለቀ ብቻ ነው። ለእኔ ይህ ከምንም በላይ ግልጽ ነበር። ለእሱ ግን እህቱ ከትርፉ ላይ እየቀነሰች ለአዲስ ሞተር የምታጠራቅምለት ገንዘብ ነበር። እንዲህ ማሰቡን ያወቅሁት ሞተሩ ከሞተ በኋላ ነው።

መካኒኩ ፈታትቶ ሲያየው "ይሄ አልቆለታል" አለው። ጋሼ ምንም አልደነገጠም አሉ። በማግስቱ የክት ጋቢውን ለብሶ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ቢሮዬ ድረስ እየሳቀ መጣ።

"በይ አምጪው፤ ቀኑ ደረሰ።"

"ምኑን ጋሼ?"

"የሞተሩን እርጅና ነዋ! ስትቀንሺ የኖርሽውን!"

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፊቱ ቀስ እያለ ሲጠቁር ሳይ ነው የገባኝ።

"ጋሼ፣ ገንዘብ እኮ የለም። የወረቀት ሒሳብ ነው።"

"ከትርፉ ቀንሻለሁ ብለሽኛል። የተቀነሰው የት ገባ?"

"አንተው ጋ ነበር። የቤቱን ቆርቆሮ ቀየርክበት፣ ልጅህን ዳርክበት…"

"በልተኸዋል ነው የምትይኝ?" አለና ተነሣ። ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን፤ የነፍስ አባታችን ቄሱ መካከል፣ ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ። እኔም የምችለውን ያህል በቀላል አማርኛ አስረዳሁ። "አባ፣ የእርሻ በሬ ገዙ እንበል። በየዓመቱ ጉልበቱ እየደከመ እህል ይሆንልዎታል። ሲያረጅ የተገዛበት ዋጋ የት ሄደ ይባላል?"

ቄሱ አሰብ አደረጉና "እሱስ እውነትሽን ነው ልጄ" አሉ። "ቢሆንም በሬ ሲያረጅ ቆዳው ይቀራል።"

"የኔስ ቆዳ የት አለ?" አለ ጋሼ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ እኮ!"

ደሜ ፈላ። እንኳን የወንድሜን፣ የፋብሪካውን አንዲት ሳንቲም ነክቼ አላውቅም። "እኔ ሌባ ነኝ? በል ፊት ለፊቴ ንገረኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ቄሱ በእጃቸው ዝም አሰኙኝና "እንግዲያው ትማልና ነገሩ ይለቅ" አሉ። እኔም ጎሽ ብዬ ተነሣሁ፤ በደስታ ነበር የምምለው።

ጋሼ ከእኔ ቀድሞ ቆመ። "እህቴንማ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አላስምልም። ልጅ ናት። የከተማ ኑሮ ከብዷት ነው የነካችው። ለእግዚአብሔር ብያለሁ፤ ይቅር ብያታለሁ" አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ መረቁት፣ እኔንም ጉልበቱን አስሳሙኝ። አልወሰድኩም እያልኩ ሳምኩት። ስወጣ ቄሱ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉኝ። ይኸው እያደረ ነው፤ አልጠራም።

ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። የሰፈሩ ሴቶች ገብሳቸውን በአህያ ጭነው ሌላ ቦታ ያስፈጩ ጀመር። ጋሼ ጫጫ ወርዶ ከሰው ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ ያን ሁሉ ዘመን የራሱን ወፍጮ ያዞረ ሰው የሌላውን ዱቄት ይጠርጋል ሲሉኝ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማኅበር የሚሰጡኝን ያህል ተበደርኩ። ጋሼ ለእሑድ ከጫጫ ቤቱ የሚገባበትን ቀን ጠብቄ ሄድኩ፤ መዘዞ እስክደርስ በሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስደጋግም ነበር፤ "ይሄ ያንተ አይደለም ጋሼ፣ የኔ ስጦታ ነው።" ደግሞም የሞተሩ የጉብዝና ዘመን ያለቀው በእኔ ላይ ነው፤ የቤት ኪራዬ፣ ደብተሬ፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ የገዛልኝ ብርድ ልብስ። በላሽ ቢለኝ በዚህ ይበለኝ እንጂ!

ገንዘቡን ስሰጠው አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። "አውቅ ነበር" አለ። "ወስዳ እንደማትቀር አውቅ ነበር፤ ለሽማግሌዎቹም ነግሬያቸዋለሁ።" ሚስቱ እልል አለች። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ያን ሁሉ ስደጋግም የመጣሁትን ቃል ትቼ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አዲሱ ሞተር ከተተከለ በኋላ በመጣው ሐምሌ ጋሼ ደረሰኞቹን በፌስታል ቋጥሮ መጣ፤ ለሌላ ሰው መስጠት ይችል ነበር፣ ለእኔው አመጣልኝ። ሠርቼ ስጨርስ የእርጅናውን ቅናሽ ነገርኩት።

"እሱን እንግዲህ ደህና አድርገሽ አስቀምጪልኝ" አለኝ፣ ጭንቅላቴን እየዳበሰ።

"እሺ ጋሼ" አልኩት።

አሁን በየወሩ ደመወዝ ስቀበል፣ የብድሬ ተቆርጦ ከሚተርፈኝ ላይ የሞተሩን የወር እርጅና አስልቼ በስሙ በከፈትኩት የባንክ ደብተር አስገባለሁ። እንዲህ ያለ የሒሳብ አሠራር የለም።