ከሐጂ ጠይብ ጥርስ የተፋቀው

ሐጂ ጠይብ ዳባት ገበያ ዳር ሠላሳ ዓመት ስኳር ሸጠዋል። ከጆንያው አንድ ቁንጥር ወደ አፍ፣ ከላዩ አንድ ፉት ሻይ፤ ከጠዋት እስከ መግሪብ እንዲህ ናቸው። ስልሳ ሳይሞላቸው አሥራ አንድ ጥርስ ወለቀ። ለምን ሲባሉ «ብርዱ ነው» ይላሉ።

ልጃቸው ፈትያ ግን አትቀበልም። ደባርቅ ባዮሎጂ ስታስተምር ቆይታ ለሁለተኛ ዲግሪ ከተማ ወረደች። የመረጠችው ጥናት በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር የሚያስገቡበትን ዘረመል መቼ እንደሚከፍቱ፣ መቼ እንደሚዘጉ ነበር።

አማካሪዋ ዶክተር ዘመነ የጥናት ዕቅዷን ወረቀት ገፋ አደረጉት። «ዘረመል የሚያነብ መሣሪያ እኛ ጋ የለም። ይልቅ የገብስ በሽታ ላይ ሥሪ፤ ላገርሽም ይጠቅማል።»

«ያገሬ ሰው ገብሱን በምን ሊያኝከው ነው?» አለች።

በሚኒባስ ዳባት ደርሳ አባቷ ፊት ቆመች።

«አፍህን ክፈት አባ። ጥርስህ ላይ የተለጠፈውን ልፋቅ። እዚያ ያሉት ጀርሞች ጂናቸውን...»

«አዑዙ ቢላህ! አፌ ውስጥ ጂን?»

«እሱን አይደለም! ዘረመል ማለቴ ነው፤ በዘር የሚወርድ ትእዛዝ።»

እየሳቁ ከፈቱላት።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ከፋቀችው ለይታ ለምታራባቸው ጀርሞች ግሉኮስና የወተት ስኳር ባንድ ብልቃጥ ትሰጣቸዋለች። ግሉኮሱ ስለሚቀላቸው እሱን ያስቀድማሉ፤ እሱ እስካለ ድረስ የወተቱን ስኳር ማስገቢያ በር የሚያሠራው ዘረመል እንደተዘጋ ይቆያል። ግሉኮሱ ሲያልቅ ዘረመሉ ይከፈታል፤ አዲሱ በር እስኪሠራ ግን እድገታቸው ቀጥ ይላል። ያንን ፋታ ካየች ዘረመሉ ባይነበብም መሥራቱን ታውቃለች። ጀርም ሲበዛ ብልቃጡ ይደፈርሳል፤ ድፍርስነት የሚለካ አሮጌ መሣሪያ ደግሞ ቤተ ሙከራው ውስጥ ነበረ።

በመጀመሪያው ሙከራ መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቀዘቀዘ፤ ጀርሞቹ ማደጋቸውን አቆሙ። በሁለተኛው ሌላ ጀርም ገብቶ አበላሸው።

«አሁንስ አልበቃሽም?» አሉ ዶክተሩ።

«አባቴ ገና ያልወለቀ ጥርስ አለው።»

ሦስተኛውን ጎሕ ሲቀድ ጀመረች። በየሩብ ሰዓቱ እየለካች ወረቀት ላይ ነጥብ ታስቀምጣለች። መስመሩ ወጣ፣ ወጣ፤ ረፋድ ላይ ተኛ። አጠገቧ ያለው ተማሪ «ሞቱብሽ» አላት። እሷ መለካቷን ቀጠለች። ከተኛ አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል መስመሩ እንደገና መውጣት ጀመረ። ወንበሯን ገፍታ ጮኸች።

ዶክተር ዘመነ ወረቀቱን ትክ ብለው አዩና «ድገሚው» አሉ። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ መስመሩ ሦስቴም እዚያው ቦታ ላይ ተኛ። ጥናቷን ባቀረበችበት ቀን አንዱ ፈታኝ «ይህ እኮ ሌላ አገር የታወቀ ነው» አላት።

«ከዳባት ሰው አፍ ግን እስከ ዛሬ አልተጠየቀም» አለች። ፈተናውን አለፈች።

ወደ ደባርቅ ማስተማሯ ስትመለስ ዳባት ጎራ ብላ ውጤቱን ብትነግራቸው አባቷ ነገሩን ጠረጠሩ። «እንግዲህ ሱቄን ልትዘጊብኝ ነው?»

«መሸጡን ሽጥ። ግን ቀኑን ሙሉ ቁንጥር ቁንጥር አትበል። ጀርሞቹ ስኳር ባገኙ ቁጥር ነው አሲድ የሚተፉብህ፤ ጥርስህን የሚበላው እሱ ነው። ሻይህን ከምግብ ጋር አንዴ ጠጣና በውሃ ተጉመጥመጥ።»

«በገዛ ሱቄ የሚያዘኝ የለም!»

እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከሱቁ በር ላይ ለገዢው ሁሉ ይህንኑ መናገር ያዘች። ሐጂ ጠይብ ሁለት ሳምንት አኮረፏት፤ በኋላ ሽማግሌ ላኩባት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «አባትሽን አታሳፍሪ» ብለው ገሠጿት። ፈትያ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አባቶቼ፣ እስቲ አፋችሁን ክፈቱ» አለቻቸው።

ሁለቱ ከፈቱ።