ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቃል

ድንጋይ ጠራቢውን ሰፈርተኛው «ጠርጥር» ይለዋል። ተረቱን ሁሉም ስለሚያውቀው ቀሪውን የሚጨርስለት የለም። ሠላሳ ዓመት የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም ሲቀርጽ የኖረ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ይሰርዛል፣ እብነ በረድ ላይ የተሳሳተ ግን ምን ይዋጠው? ስለዚህ የወርክሾፑ ሕግ አንድ ነው። ያዘዘው ሰው ጽሑፉን የሟች ዘመድ ባለበት ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ በቀይ እርሳስ፣ በገዛ እጁ፣ ድንጋዩ ላይ ይጽፈዋል። መሮ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሕግ የተነሳ ሁለት ባልቴቶች አኩርፈውታል፤ አንድ ሟች ደግሞ ከመወለዱ በፊት ከመሞት ድኗል።

ማክሰኞ ጠዋት የመታሰቢያ ኮሚቴው ጸሐፊ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ለዓርብ ይድረስልን።»

ጠርጥር ወረቀቱን ዘረጋው። የአርባ ሰባት ሰው ስም፤ ከላዩ «በሁከቱ ጊዜ ሕይወታቸው ላለፈ» ይላል። ከስሞቹ መካከል የአክስቱ ባልና ሦስት ልጆቻቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ እሱን ያሳደጉት እኚሁ አክስቱ ናቸው። «አራት ቦታ ያጠፈው ለምንድን ነው? ደህና ነገር እንዲህ አይታጠፍም» አለ በሆዱ።

«ይቺን ቃል ማን መረጣት?»

«ኮሚቴው። አንዱ እልቂት ይባል አለ፣ ሌላው ጭፍጨፋ አለ፣ አንዱ ደግሞ የዘር ማጥፋት ካልተባለ ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሁከት ላይ ሲደረስ ማንም አልጮኸም።»

«እኔን የሚያስፈራኝ ማንም ያልጮኸበት ነገር ነው። ቁጭ በል፣ አክስቴ ይምጡ።»

እስኪመጡ ቃላቱን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ አንኳኳቸው። እልቂት ያው ከማለቅ ነው፤ ውሃም ያልቃል፣ ሳሙናም ያልቃል፣ ማን እንደጨረሰው አይናገርም። ጭፍጨፋ ውስጥ መጥረቢያው ይሰማል፤ ግን ዛፍም ይጨፈጨፋል። የዘር ማጥፋት የሚለውን የተማሩ ሰዎች ከሩቅ ቋንቋ መልሰው ያመጡት ነው ይባላል፤ ሆኖም ያጠፋ እጅ እንዳለ አይደብቅም፣ ለዘር እንኳ እንዳይተርፍ ታስቦበት እንደነበርም። አክስቱስ? እሳቸው እስከ ዛሬ «ያ ነገር» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣቸውም። ይህም ሲያጠራጥረው ኖሯል። ምን ይሆን የሚደብቁት?

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡ።

«ደግሞ ምን ጠረጠርክ፣ አንተ ልጅ?»

ልጁ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ጸሐፊው ተነሥቶ አነበበ። «ሁከቱ» ሲል እጃቸውን አነሡ።

«ድገመው እስቲ።»

ደገመው።

«ሬዲዮውም እንዲሁ ነበር ያለው» አሉ። «ያን ዕለት ጠዋት። ‹ሁከት ስላለ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ› አለ። ባለቤቴ ያነሣውን ሻንጣ መልሶ አስቀመጠና በሩን ቀረቀረው። ሁከት እንደ ዝናብ ነዋ፣ በር ዘግተው ያሳልፉታል! እነሱ ግን ስም ዝርዝር ይዘው ቤት ለቤት ነው የመጡት። ‹ምንጠራ› ነበር የሚሉት፣ እንደ ጫካ። እኔ ውሃ ልቀዳ ጄሪካን ይዤ በጓሮ ወጥቼ ነው የተረፍኩት። እንግዲህ ልጄ፣ በዚያች ቃል በር ዘጋንባቸው፤ ደግሞ በላያቸው ልታትማት?»

ጠርጥር ስንት ዓመት ሲጠረጥረው የኖረው ምስጢር አንዲት የተቀረቀረች በር ኖራለች።

«ታዲያ ምን ይባል፣ እማማ?» አለ ጸሐፊው።

«የሠሩት ይባል። አንድም ሳያስቀሩ ሊያጠፉን ነው የመጡት። ዘር ማጥፋት ነው።»

ጸሐፊው የወረቀቱን ራስጌ፣ «ሁከቱ» ያለበትን፣ ቀዶ ጣለው። ጠርጥር ዓይኑን አጠበበ። ሰውየው እንዲህ ቶሎ የተረታው በጤናው ነው?

«ጠረጴዛ የመታሁት እኔ ነበርኩ» አለ ጸሐፊው አቀርቅሮ። «በኋላ ደከመኝ፣ ዝም አልኩ።»

«ዛሬም እንዳይደክምህ» አለና ጠርጥር ቀዩን እርሳስ ሰጠው። «በል፣ በእጅህ።»

ጸሐፊው ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ።

«ከድንጋዩ ጀርባ ፈርም።»

«ጋሼ፣ አላመኑኝም እንዴ?»

«አትቀየመው» አሉ አክስቱ፤ «ያሳደግኩትን እኔን እንኳ አምኖኝ አያውቅም።»

ጸሐፊው ገና የግቢውን በር ሳይሻገር፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን እንዳይለውጥ፣ ጠርጥር መሮውን የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተክሎ በመዶሻው መታው። አክስቱ ጎንበስ ብለው ዱቄቱን እፍ አሉት።

«ጠለቅ አድርገው» አሉ።