ያልተመታች እግረኛ

እናቴ ዜብራ መሀል ቆማ ሾፌር የምትመርቅ ሴት ናት። ሌላው ሰው ዜብራ የሚሻገረው ግራ ቀኝ አይቶ፣ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ሮጥ ብሎ ነው። እሷ ግን የቆመላት መኪና ፊት ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ወደ ሾፌሩ ትዞራለች፣ ሁለት እጇን ትዘረጋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ «ለእኔ እንደቆምክልኝ እሱ ይቁምልህ። ከክፉ ይሰውርህ። መሪህን መልአክ ይያዝልህ» ትላለች። ይህ አጭሩ ነው። በጾም ይረዝማል።

የእኔ ሥራ ደግሞ የትራፊክ አደጋ መመዝገብ ነው። ፖሊስ አይደለሁም፤ ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የትራፊክ ቢሮ በሲቪል የተቀጠርኩ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። ትራፊኮቹ ከየመንገዱ ይዘው የሚመጡትን ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ፤ ሰኔ ሲያልቅ ደምሬ የዓመቱን ሪፖርት እጽፋለሁ። ሪፖርቱ አራት ዓምድ አለው። ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ቀላል የአካል ጉዳት፣ የንብረት ጉዳት ብቻ። ከእያንዳንዱ ሥር «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር» የሚል ዐረፍተ ነገር ይከተላል፤ መጨረሻው ወይ «ቀንሷል» ነው ወይ «ጨምሯል»። ይህችን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ፈጣሪ ይወቀው።

አራተኛውን ዓምድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንቄው ኖሬያለሁ። የተጨማደደ ላሜራ፣ የተሰበረ ስፖኪዮ፣ የወለቀ ፓራውልት። አለቃችንም በዓመታዊው ስብሰባ ሪፖርቱን ሳነብ እዚያ ስደርስ «እሱን እለፊው» ይለኛል። አልፈዋለሁ።

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ እኔና እናቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን። ዕቃዋን ሁሉ ይዛ ወጣች፤ ቤተ ክርስቲያኗን ግን አልቀየረችም። «የፈረሰው ቤቴ እንጂ ደብሬ አይደለም» ብላ በየማለዳው ከእኔ ጋር ታክሲ ትሳፈራለች። ካዛንቺስ ላይ አብረን እንወርዳለን። ቢሮዬ በወረድንበት በኩል ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከማዶ። ስለዚህ እሷን አሻግሬ፣ ተመልሼ እሻገራለሁ።

አዲሱን መንገድ አላማውም። የእግረኛው መንገድ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ በክረምት በጨቀየ ጉድጓድ ውስጥ የእናቴ ቁርጭምጭሚት ወለም ማለቱ ቀርቷል። ግን መንገድ ሲሰፋ የመኪናም ልብ ያብጣል። ድሮ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ስለሚያዘግም እናቴ አንድ ሾፌር መርቃ ትሻገር ነበር። አሁን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሁለት ረድፍ አለ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ዜብራ ላይ እግረኛን የሚገጨው የቆመለት መኪና አለመሆኑን ነው። ከቆመው ጎን የሚመጣው ሁለተኛው ነው። የቆመው እግረኛውን ይጋርደዋል፤ ሁለተኛው «ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ብሎ ያልፋል።

ይህን ለእናቴ ያላስረዳሁበት ቀን የለም።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ተሻገሪ፣ ከዚያ መርቂ።»

«ከተሻገርኩ በኋላማ ሰውዬው ሄዷል። ማንን ልመርቅ?»

«በልብሽ መርቂዋ!»

«ምርቃት አሜን የሚል ይፈልጋል። ይልቅ ከምትጎትቺኝ አሜን በይ።»

«መጀመሪያ እንሻገር!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትለኛለች፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ከኋላ የተደረደረው መኪና ክላክሱን ያንባርቀዋል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔ ክንዷን ይዤ በሃፍረትም በፍርሃትም እቃጠላለሁ። አሜን ብዬ አላውቅም።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን የለየለት ጠብ ተጣላን። ምርቃቷ መሀል ላይ እያለች አንድ ሞተር ሳይክል በቆመው መኪና ጎን ተወርውሮ የነጠላዋን ጫፍ አውለብልቦት አለፈ። በመንገዱ ላይ ጮኽኩባት። «ሁለተኛ ዜብራ ላይ ከመረቅሽ አብሬሽ አልሻገርም!» አልኳት። «አትሻገሪያ! እግር አለኝ» አለችኝ። በማግስቱ ከታክሲ እንደወረድን ሳልሰናበታት ወደ ቢሮዬ አመራሁ። ዞሬም አላየኋት። እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው።

ገና ኮምፒውተሬን ሳልከፍት ስልኬ ጠራ። «እማዬ» ይላል። አነሳሁት፤ የወንድ ድምፅ ነው።

«ሲስተር፣ ይኼ ስልክ የእናትሽ ነው? አትደንግጪ፣ ማለቴ፣ ማዘር ሰላም ናቸው። በቃ፣ ነይ ብቻ።»

ሰላም ናቸው ማለቱን አላመንኩም። ለሁሉም ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሚባለው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ። እየሮጥኩ የማስበው ስለ ጠቡ ነበር፤ ሳልሰናበታት ነው የሄድኩት፣ ሳልሰናበታት ነው የሄድኩት እያልኩ።

ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ነጩ ሸራ ጫማዋ ዜብራው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። በእኔ ሥራ፣ አስፋልት ላይ ብቻውን የቀረ ጫማ ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል። ያን ጊዜ ከዳር በኩል «ኧረ ጫማዬን አቀብሉኝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እናቴ የሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ካልሲዋ እንዳይቆሽሽ ከፍ አድርጋ፣ ውኃ ትጠጣለች። ራሷን፣ ክንዷን፣ ወገቧን ዳሰስኩ። ምንም አልነካትም። እዚያው እግሯ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ምን ሆነሻል? ሰው ያይሻል እኮ» አለችኝ፣ እሷ ብሎ ሰው ያየኛል ባይ!

የሆነውን የነገረኝ የደወለልኝ ሰውዬ ነው። የኦሎምፒያ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ እናቴን በምርቃቷ ያውቃታል። ሲያያት ሁልጊዜ ከዜብራው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። «ምርቃታቸው ረጅም ነው፤ አፍንጫቸው ሥር ቆሜ ማጣደፍ ደስ አይለኝም» አለኝ። ያን ቀንም ቆመላት። መረቀችው። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እጇን እንደዘረጋች፣ ወደ ሁለተኛው ረድፍ መራመድ ጀመረች። እሱ በስፖኪዮው ሲያይ አንድ አውቶሞቢል በዚያው ረድፍ እየበረረ ይመጣል። ክላክስ ቢያደርግ እናቴ ክላክስ እንደማትሰማ ከማንም በላይ ያውቃል። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ነዳጅ ሰጠና ሚኒባሱን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አጋደመው። አውቶሞቢሉ መጥቶ ጎኑ ላይ ተላተመ። ያ ጎን የሾፌሩ የራሱ በር ያለበት ነው። በድምፁ ደንግጣ የዘለለችው እናቴ ጫማዋን ጥላ ዳር ወጣች። ተሳፋሪው ከመጮህ በቀር አንድም ሰው አልተጎዳም።

ትራፊኩ ሲመጣ የእኛው ቢሮ ሳጅን ሆኖ ተገኘ፤ ዕድሜ የጠገበ፣ ቁጥብ ሰው። ከተማችን ውስጥ ሁለት መኪና ሲጋጭ ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ማንም ንቅንቅ አይልም። መኪኖቹ የቆሙበትን በሜትር ለክቶ ወረቀት ላይ ይስላል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱ ያ ወረቀት ነው። ሳጅኑ ለካ፣ ሳለ። በትከሻው በኩል አየሁት። አውቶሞቢሉ መስመሩን ይዞ ይመጣል፤ ሚኒባሱ ያለ ምንም ምክንያት ተጠምዝዞ ፊቱ ይገባል። ጥፋተኛው ሚኒባሱ መሆኑን ለማወቅ ትራፊክ መሆን አያስፈልግም።

ሾፌሩም አይቶታል። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሲስተር፣ መኪናው የኔ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጥፋተኛ ከተባልኩ ባለንብረቱ ዛሬውኑ ቁልፉን ነው የሚቀበለኝ።»

«ሳጅን፣ እናቴስ?» አልኩ።

«እናትሽ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆነችም።»

«እኮ። ያልተመታ ሰው ፕላን ላይ አይገባም።»

«እሷ ከሌለችበት ይህ ሰው ለምን ዞረ? ወረቀትዎ ላይ እብድ ነው የሚመስለው!»

«እህቴ፣ እኔ የሆነውን ነው የምለካው። ሊሆን የነበረውን አልለካም።»

ደሜ ፈላ። የባሰ ያናደደኝ ትክክል መሆኑ ነው። ስንት ዓመት ወረቀቱን ስመዘግብ አንድ ውሸት አግኝቼበት አላውቅም።

«ያየ ምስክር አለ?» አለ ሳጅኑ። ተሳፋሪው ሥራ ረፍዶበት በሌላ ታክሲ ሄዷል፤ ረዳቱ የሾፌሩ ወገን ነው፤ ባለሱቁም የወጣው ድምፁን ሰምቶ ነው። «እኔ አለሁ!» አለች እናቴ ከበርጩማዋ። አጠገቧ ሄዶ ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ ምን አዩ?»

«ምንም አላየሁም፣ ልጄ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«መንገድ ሲሻገሩ?»

«ስመርቅ ነዋ! ዓይኑን አፍጥጦ የሚመርቅ አለ እንዴ?»

ሾፌሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሷን ያተረፋት ሰው ጥፋተኛ ሊባል ነው፤ ብቸኛዋ ምስክር ደግሞ ዓይኗን ጨፍናለች። እሷ ግን ምስክርነቷን እንደጨረሰች ሰው ብድግ ብላ፣ በአንድ እግሯ እያነከሰች ወደ ጫማዋ መሄድ ጀመረች።

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮኽኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። «ሳጅን፣ ጫማውስ? ጫማው ሆኗል አይደል? ይለኩት!»

ሳጅኑ ጫማውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሜትሩን እንደገና ዘረጋ። ከመንገዱ ዳር እስከ ጫማው ለካ። ከሚኒባሱ አፍንጫ እስከ ጫማው ለካ። ጫማው ያለው ዜብራው ላይ፣ በሁለተኛው ረድፍ መሀል፣ አውቶሞቢሉ በሚመጣበት መስመር ነበር። እስከዚያ ድረስ ስልክ ላይ ተጥዶ የነበረው ባለ አውቶሞቢሉ ጠጋ አለ። ጥሩ ለብሶ ወደ ሥራው ሲጣደፍ የነበረ ሰው ነው።

«የማን ጫማ ነው?» አለ።

ሳጅኑ በእርሳሱ እናቴን አመለከተው። ሰውዬው እሷን አየ፣ ጫማውን አየ፣ የሚኒባሱን የተጨማደደ በር አየ።

«ሰው ነበረ እንዴ?» አለና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። «ሳጅን፣ ዜብራው ላይ አልቆምኩም። ሰው እንዳለ አላየሁም። እሱ ባይገባብኝ ኖሮ…» ጫማውን በእጁ አመለከተ። «ይጻፉት» አለ።

ለዚያ ሰው እስከ ዛሬ እጸልይለታለሁ። ዝም ቢል ይችል ነበር። ሳጅኑ ዜብራው ላይ ትንሽ ክብ ሠራና ከጎኑ «እግረኛ» ብሎ ጻፈ። አሰበ። ከዚያ «ያልተመታች» ብሎ ጨመረበት።

እናቴ ሦስቱንም በተራ መረቀቻቸው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጫማዋን አጥልቃ። የሚኒባሱን ሾፌር እጅ ይዤ ሳምኩት። «ኧረ ሲስተር!» ብሎ አፈረ። «ማዘር በየቀኑ ‹መሪህን መልአክ ይያዝልህ› ይሉኝ የለ? በቃ፣ ዛሬ ያዘው። እኔ አይደለሁም።» ጥፋተኛ አልተባለም፤ ዛሬም በዚያው ሚኒባስ፣ በዚያው መስመር ይሠራል።

ያን ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ። የት እንደሚገባ ላፍታም አላጠራጠረኝም፤ አራተኛው ዓምድ ነው። የንብረት ጉዳት ብቻ። አንድ በር፣ አንድ ፓራውልት፣ አንድ የፊት መብራት። ሐምሌ ላይ ሪፖርቱን ሳነብ እዚያ ስደርስ አለቃችን እንደ ልማዱ «እሱን እለፊው» አለኝ። «ዛሬ አላልፈውም» አልኩና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ያ ዓምድ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ጨምሮ ነበር። ሰዉ ፊቱን ቅጭም አደረገ። እኔ ግን አመሰገንኩ። ስንት ሾፌር ላሜራውን ሰጥቶ ሰው ያተረፈበት፣ ስንት ሳይመታ ቤቱ የገባ ሰው ያለበት ዓምድ እንደሆነ ማን ያውቃል? ለዓመታት የዘለልኩት ያንን ነው።

እናቴን ማስተው አልቻልኩም፤ መሞከሩንም ትቻለሁ። ሥራ ተከፋፍለናል። እሷ የቆመውን ትመርቃለች፤ እኔ ግማሽ እርምጃ ቀድሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ሁለተኛውን ረድፍ እጠብቃለሁ። እሷ ትጨፍናለች፣ እኔ አፈጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት የቆመልን ያ ሚኒባስ ነበር። እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ ቆመ። እናቴ ዞረች፣ እጇን ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላው ክላክስ ተንጫጫ። እሷ አልቸኮለችም፤ እኔም አልጎተትኳትም።

«መሪህን መልአክ ይያዝልህ» አለችው።

«አሜን» አልኩ።

አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ምነው? ገና ሳንሻገር?»

«አሜን» አልኳት ደግሜ።