በደበላ በኩል የሚያፈሰው ጣሪያ

ሰኔ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አለሚቱ ሰማዩ መጥቆር መጀመሩን አየች። እስከዛሬ ክረምት አሳስቧት አያውቅም ነበር። ባሏ ደበላ ገና ደመናው ሳይከብድ የላሉትን የጣሪያ ምስማሮች ይመታል፣ አሸንዳውን ይጠርጋል፣ ከአስፋልቱ የሚወርደው ጎርፍ ግቢ እንዳይገባ ቦዩን ይቆፍራል፤ ከዚያ አሮጌዋን ዲኤክስ መኪናቸውን ቃሊቲ ወዳለው ጋራዥ ይወስዳታል። የእሷ ድርሻ መሰላል መያዝ ብቻ ነበር። ደበላ ኅዳር ላይ፣ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ በዚያው አረፈ። ልጅ አልወለዱም።

ዘመዶቿ መኪናዋን ሽጪያት አሏት። አልሰማቻቸውም። ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ በክረምት ጭቃ በማንኛውም ሰዓት ለምትጠራ አዋላጅ መኪና ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ራሷ እየነዳች ጋራዡ ደረሰች። መካኒኩ ጣሰው ከአንድ ሚኒባስ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ጋቢናው አየት አደረገ።

«እትዬ አለሚቱ፣ ዛሬ ብቻዎን ነው? ጋሼ ደበላስ?»

አለመስማቱ ገባት። በእነዚህ ወራት ለስንቱ ሰው «ሞቷል» ብላለች። አሁን ግን ቃሉ አልወጣ አላት።

«ቤት ነው» አለች። «ደክሞት ነው።»

«ይረፉ እንግዲህ። የፊት ጎማዎቹ አልቀዋል፣ ለጭቃ አይሆኑም። የዝናብ መጥረጊያውም ደርቋል። ሰኞ አደርስልዎታለሁ። ጋሼን ግን ዳማውን ሳንጨርስ ነው የጠፉት ይበሉልኝ።»

በታክሲ ስትመለስ ግራ የሚያጋባ ደስታ ተሰማት። እንዲያውም ለእራት ምን እንደምትሠራለት ማሰብ ጀምራ ነበር። የግቢውን በር ከውጭ እንደተቆለፈ ስታገኘው እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።

እሑድ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ልትወጣ ስትል ጎረቤቷ ሐጀራ ሱቋን ክፍት ትታ መጣች።

«ብቻሽን እንዳትወጪ። ቆይ፣ ልያዝልሽ።»

«ሱቅሽስ?»

«ሱቁ የትም አይሄድም።»

አለሚቱ ቆርቆሮው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ የላሉትን ምስማሮች አንድ በአንድ መታች። ደበላ ከየምስማሩ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ያስገባ ነበር። ያንን ከታች ሆና አይታው አታውቅም።

«ጨረስሽ?» አለች ሐጀራ።

«የታየኝን መታሁ።»

ማታ ዝናቡ መጣ። አለሚቱ አልጋዋ ላይ ሆና ስታዳምጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማች። መብራት አበራች። ያን ሁሉ ጣሪያ ትቶ በደበላ ትራስ ላይ ነበር የሚያፈሰው። እሱ ከሞተ ጀምሮ ከግድግዳው በኩል ካለው ቦታዋ ተነቃንቃ፣ እግሯን እንኳ ወደ እሱ በኩል ዘርግታ አታውቅም። ትራሱን አነሳች፣ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ በቦታው ሳፋ አስቀመጠች። አልጋውን ገፋ ማድረግ ይቻል ነበር፤ አልገፋችውም። ከሳፋው ጎን ተመልሳ ተኛች።

ሰኞ ጋራዡ ስትደርስ መኪናዋ አዲስ ጎማ ገብቶላት፣ ታጥባ ቆማለች።

«ጋሼ ተሻላቸው?» አለ ጣሰው።

«ደበላ ኅዳር ላይ ሞቷል፣ ጣሰው። አንተ እንዳለ አድርገህ ስትጠይቀኝ ደስ ስላለኝ ነው የዋሸሁህ።»

ጣሰው ቆቡን አወለቀ። ሠራተኞቹ መዶሻ መምታታቸውን እንዲያቆሙ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ከዚያ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣትና እንደ ለቅሶ ቤት ከአጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱ ሠራተኞችም ከአሮጌ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጡ።

«ቀብራቸው ላይ እንኳ ሳልቆም» አለ ጣሰው።

በቀብሩ ሰሞን አለሚቱ ብዙም አላለቀሰችም፤ እንግዳው በዝቶ፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ደግፈው የያዟት ሰዎች «በቃ» እያሏት ነበር። እዚህ በቃ ያላት የለም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጣሰውም አንገቱን እንዳቀረቀረ ቆየ።

ሲወጣላት ተነሣች። ከሰዓት ተረኛ ነበረች። ካፊያው ጀምሮ ስለነበር መጥረጊያውን ከፍታ ወደ ቂሊንጦ ነዳች። መንገዱ በጭቃ ላቁጧል፤ መኪናዋ ግን አልተንሸራተተችም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ምጥ የያዛት ሴት በሁለት ሰዎች ተደግፋ ስትገባ አየችና እሷን ለመቀበል ፈጠን ብላ ወረደች።