ሃያኛው መስመር

በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት እድራችን ከቀብር አልፎ ትንፋሽ ለማዳን ተነሳ። የጆሃንስበርግ ሆስፒታሎች ሞልተው ስለነበር ሁለት የኦክስጅን ማሽን ገዛን፤ ለታመመው ሁሉ ደግሞ ጣት ላይ የሚሰካ የደም ኦክስጅን መለኪያ ከጀፕ ገበያ አምጥተን አደልን። ቁጥሩ ከዘጠና ከወረደ አደጋ ነው። ማሽኑ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነውም ያ ቁጥር ነበር። ሰውን ጠይቆ መወሰንማ አይቻልም! የኛ ሰው ትንፋሽ አጥሮት እንኳ «እንዴት አደሩ?» ሲባል «ደህና፣ ጌታ ይመስገን» ነው የሚለው።

የእድሩ ጸሐፊ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ጠዋትና ማታ ለአርባ ሕመምተኛ እየደወሉ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። እኔ ሮዘተንቪል ከተከራየኋት ክፍል ሆኜ ለአንድ ድርጅት ፕሮግራም ስለምጽፍ፣ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የኔ ሥራ ሆነ። ጉራዬም ቀላል አልነበረም። «በደቂቃ የሚያልቀውን ለምን በዓይንዎ ይለቅማሉ?» እላቸው ነበር።

ከአርባዎቹ ሃያኛው ጋሼ ነበሩ። ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ስፓዛ የሚባል ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላቸው የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ እዚህ አገር ስገባ ስምንት ወር ሱቃቸው ጓዳ ያስተኙኝ፣ የበሉትን ያበሉኝ። ከሁሉ በላይ የምፈራው የሳቸውን ቁጥር ነበር።

ቁጥሮቹ የሚደረደሩባቸው ሦስት ዘንጎች ነበሩ፦ ቀን፣ ጠዋት ወይም ማታ፣ ከዚያ ሰው። ጸሐፊዋ የጻፉት በየቀኑ ነው፤ የሰኞ ጠዋት አርባ ሰው፣ የሰኞ ማታ አርባ ሰው፣ እንዲህ እያለ እስከ እሑድ። እኔ ግን የሰው ዘንግ ከፊት እንዲመጣና የእያንዳንዱ ሰው ሳምንት በአንድ መስመር እንዲነበብ ፈለግሁ። ለዚህ ዘንጎቹን ቦታ ማለዋወጥ ያስፈልጋል። ትራንስፖዝ ይባላል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ይዛወራል። እኔ ግን ሪሼፕ የሚባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ሪሼፕ ባለቤት አያውቅም። ቁጥሮቹን በተጻፉበት ተራ እያነሳ አሥራ አራት አሥራ አራቱን በየመስመሩ ይደረድራል። የሰንጠረዡ ስፋትም ቁመትም ልክ መጣ፤ ፕሮግራሙም ስህተት አለ አላለኝም። አማካዩን ባየው ያው ነው። ቁጥሮቹ ሁሉም እዚያው ስላሉ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። ያንን ግን ያኔ አላሰብኩትም።

ሰኞ ጠዋት አንዱ ማሽን ሰው ላይ ነበር። የቀረውን፣ መስመሯ ከሁሉ ዝቅ ላለ አንዲት ወጣት ሴት አስላክሁ። ወዲያው ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ተሽሎኛል። ለባሰበት ስጡት።»

«እህቴ፣ ሁላችሁም እንደዚህ ነው የምትሉት። አርፈሽ ማሽኑን ክፈቺው» ብዬ ተቆጣኋት።

ለጋሼም ደወልኩ። ድምፃቸው ይቆራረጣል። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ጌታ ይመስገን» አሉ። ኔትወርክ ነው አልኩ። መስመራቸው ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት እያለ ተደርድሯል፤ ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ማክሰኞ ሞቱ።

ቀብሩ ላይ እንዲገኝ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ስለነበር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አለቀስኩ። በማግስቱ ያቺ ሴት ማሽኑን ከነካርቶኑ፣ ሳትከፍተው መለሰች። ያኔ ነው እውነትም ተሽሏት እንደነበር የገባኝ። ኮዱን ከፈትኩ። ሃያኛው መስመር ላይ ካሉት አሥራ አራት ቁጥሮች አንድም የጋሼ አልነበረም፤ የሌሎች አሥራ አራት ሰዎች የሐሙስ ጠዋት ትንፋሽ ነበር። አንዲት ትእዛዝ ቀይሬ ሳስኬደው የራሳቸው መጣ። ሰኞ ጠዋት ዘጠና ሦስት ብሎ ይጀምርና እሑድ ማታ ሰባ ዘጠኝ ላይ ይቆማል።

ለጸሐፊዋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እሑድ ማታ ስጽፈው አይቼው ነበር እኮ ልጄ» አሉ። «ሰባ ዘጠኝ ሲሉኝ ሁለቴ አስደገምኳቸው። ላንተ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ፣ እሱ በኮምፒውተር እያየው እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ምን አውቃለሁ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።»

እንዲያ እንዲያስቡ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

«ለጋሼ ባለቤት ማን ይንገራቸው?» አሉ።

«እኔ» አልኳቸው።

እስካሁን አልነገርኳቸውም።