አባቴን የጣለው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ከሞጣ ወደ ቢቸና ስመለስ፣ ከጉንደ ወይን አለፍ እንዳልን የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። እስኪቀየር እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ሸለቆው ጫፍ ጠጋ ስል፣ አንድ ወጣት ተሳፋሪ ክንዴን ያዝ አድርጎ «እማማ፣ ገደል ነው፤ እንዳይወድቁ» አለኝ። አመስግኜው ክንዴን አስለቀቅኩ። ያን ገደል በአሥራ ስምንት ዓመቴ በእጄ እየዳበስኩ ወጥቼዋለሁ።

አባቴ ማር ቆራጭ ነበር። ከመንደራችን በታች፣ ቆላው በሚጀምርበት ቋጥኝ ወገብ ላይ ንቦች የሰፈሩበት ዋሻ አለ። በየዓመቱ አደይ ሲረግፍ ከሥር ተነስቶ ይወጣና ማሩን ቆርጦ ይመለሳል። ነጣ ያለ፣ ጉሮሮን ትንሽ ለብለብ የሚያደርግ ማር ነበር፤ እንደሱ ያለ ዛሬ ገበያ ላይ አላገኘሁም።

እኔ አሥራ ስምንት በሞላኝ ዓመት ግን ወደቀ። ገመዱ ነፍሱን ቢያተርፈውም እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለት መደብ ላይ ተኝቶ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፤ «የያዝኩት ድንጋይ ተነቃነቀ።»

ገመዱን ከላይ ይዘውለት የነበሩት ጎረቤታችን አያ ታከለ ግን በሰው ፊት ሌላ ተናገሩ። «ያን ድንጋይ ስንት ዘመን ይዘነዋል! ሰውየው አርጅቷል፤ ፈርቶ ለቀቀ።» ቅዳሜ እሳቸው ራሳቸው ሊወጡ ቆረጡ።

ከቢቸና ትምህርት ቤት አባቴን ላስታምም መጥቼ ነበር። «ፈርቶ ለቀቀ» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ዓርብ ጠዋት የአባቴን የጠፍር ገመድ ትከሻዬ ላይ ጥዬ አያ ታከለ ቤት ሄድኩ።

«ገመዱን ይያዙልኝ። ወጥቼ ድንጋዩን ልየው።»

«ሴት ልጅ ገደል ስትወጣ የት አይተሻል?»

«ዛሬ እናያለን። እምቢ ካሉኝ ያለ ገመድ እወጣለሁ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ትንሽ አዩኝና ጋቢያቸውን ጥለው ተከተሉኝ።

እሳቸው ከላይ ገመዱን አፋፉ ላይ ባለው የሾላ ዛፍ ጠምጥመው ጫፉን ወደ ታች ለቀቁልኝ። እኔ በእግር መንገዱ ዞሬ ወርጄ ወገቤን አሰርኩና ጀመርኩ። ገና ረፋድ ነው፤ ድንጋዩ ግን መዳፍ ይለበልባል።

አባቴ ያለውን ድንጋይ ከዋሻው በታች አገኘሁት። የበር ሳንቃ የሚያክል ስስ ድንጋይ፣ ጠርዙ ለጣት ታስቦ የተሠራ ይመስላል። አባቴ የማያውቀውን ድንጋይ ሳያንኳኳ አይዝም ነበር። ይህን ግን ለምዶት ነበር። አንኳኳሁት። ድው አለ፣ እንደ ባዶ ጋን። በመዳፌ ገፋ ሳደርገው ከኋላው አሸዋ ተንሸራተተ።

በቀኝ በኩል ጠባብ ስንጥቅ ነበረች። እጄን ጨብጬ ሰነቀርኩባት፤ ቆዳዬ ተላጠ፣ ቡጢዬ ግን ያዘልኝ። እየተሳብኩ አልፌው፣ ከንቦቹ ራቅ ብዬ ዋሻው ደፍ ጥግ ላይ ቆምኩ።

«አያ ታከለ! ወደ ታች ይዩ!»

ከሥር ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ ቁጭ ብዬ ጀርባዬን ለቋጥኙ ሰጥቼ ድንጋዩን በሁለት እግሬ ገፋሁት። ሳንቃው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ወረደ። ሸለቆው ጮኸ፤ ዝንጀሮዎች ተንጫጩ፤ አቧራው እስከ ፊቴ ደረሰ።

ላይ ስደርስ አያ ታከለ ገመዱን እንደጨበጡ ነበሩ። «ነገ እኮ ልይዘው ነበር» አሉ።

«ለእኔ አይንገሩኝ። ለአባቴ ይንገሩት፤ በሰው ፊት።»

በማግስቱ ጎረቤት በተሰበሰበበት ድንጋዩ የተነቃነቀ እንደነበር ነገሩት። ድምፃቸው ቢያንስም ነገሩት።

እንግዶቹ ወጡ። አባቴ «ብትሞቺ ኖሮስ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ «በየት በኩል አለፍሽ?»

«በቀኝ። ስንጥቅ አለች።»

የተላጠ እጄን ይዞ ብዙ አየው። «ያን ሁሉ ዓመት ስወጣ አላየኋትም» አለ።

ዛሬ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ያኔ የነበርኩትን ያቺን ልጅ እንድወቅሳት ይጠብቃሉ። አልወቅሳትም። አባቴ እውነት ተናግሮ ውሸታም ሲባል እቤት መቀመጥ አልቻለችም፤ እኔም ዛሬ አልችልም። አያ ታከለንም አልጠላኋቸውም፤ ያን ቀን ነፍሴ በእጃቸው ነበረች፤ አልለቀቋትም። ጉልበቴ ቢመለስ ያንኑ ገመድ ለእሳቸው ሰጥቼ እንደገና እወጣ ነበር።